180 ክሬዲት ስንት ዓመት ነው?

በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የክሊኒካል ሪሰርች ማስተርስ በርቀት ለመማር የሚያስቡ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው።

ክሬዲት የሚለካው ዓመትን ሳይሆን የሥራውን መጠን ነው። በእንግሊዝ አሠራር 1 ክሬዲት 10 ሰዓት ገደማ ሥራ ነው። የሌክቸር ሰዓት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ንባቡም፣ አሳይመንቱም፣ የፈተና ዝግጅቱም ይቆጠራል። 60 ላይ የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት፣ 120 ላይ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ፣ 180 ላይ ማስተርስ ይገኛል።

እንበልና አንዲት ነርስ ከሌሊት ተረኛነቷ ተርፎ በሳምንት 12 ሰዓት ታገኛለች። 60 ክሬዲት 600 ሰዓት ነው። ለ12 ሲካፈል 50 ሳምንት። ሰርተፊኬቱ ብቻ አንድ ዓመት ገደማ ይወስድባታል፣ ማስተርሱ ደግሞ ሦስት። «በአንድ ዓመት ማስተርስ» የሚለው ማስታወቂያ የሙሉ ጊዜ ተማሪን የሚመለከት ነው። እባካችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ስሌት በራሳችሁ ሺፍት አስሉት። ጎበዝ ሰው በሰዓት እጥረት ብቻ ሲያቋርጥ ያሳዝናል።

ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ የሚለያየው ሌላ ነው። በሰርተፊኬት ወጥቶ ኋላ መቀጠል ይቻላል ወይ? ክፍያው በሞጁል ነው ወይስ በዓመት? ትምህርቱን ለመጨረስ የተሰጠው ጊዜ ገደብስ ስንት ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

የጂሲፒ (Good Clinical Practice፣ መልካም የክሊኒካል አሠራር) ሰርተፊኬትን ግን ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱ በክሊኒካል ትራያል፣ ማለትም መድኃኒት ወይም ሕክምና በሰዎች ላይ በሚሞከርበት ጥናት፣ ለመሥራት የሚጠየቅ አጭር ሥልጠና ነው። የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬትን አይተካም። ማስተርስ ያለውም ሰው ብዙ ጊዜ ይጠየቃል።