የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ አመልና የተጫዋቾች ዲሲፕሊን

የምናወራው ስለ አሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፣ ሄልሜት አድርገው ስለሚጋጩበት። ኮሌጅ ላይ አሰልጣኝ ማለት ትንሽ ንጉስ ነው፤ ከመቶ በላይ ወጣት ይዞ ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን ስኮላርሺፕ እንደሚያገኝ፣ ማን አርፍዶ በመምጣቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ እስኪያስመልሰው እንደሚሮጥ የሚወስነው እሱ ስለሆነ አመሉ ልጆቹ ላይ መጋባቱ አይቀርም።

ግልፍተኛ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው የኦሃዮ ስቴቱ ዉዲ ሄይስ ነው። በፈረንጆቹ ከ1951 ጀምሮ 28 ሲዝን አሰልጥኖ 205 ጨዋታ አሸንፏል። በ1971 ከሚሺጋን ጋር ሲጫወቱ በዳኛ ተናዶ ሜዳ ዳር ያለውን ርቀት የሚያሳይ የያርድ ምልክት ሰባብሯል፣ ግን ያሸንፋላ፣ ማን ይናገረዋል። ዲሴምበር 29 1978 ጌተር ቦውል በሚባለው የሲዝን መዝጊያ ጨዋታ ላይ ክሌምሰን 17 ለ 15 እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ የክሌምሰን ተከላካይ ኳስ ጠልፎ ኦሃዮ ስቴቶች በቆሙበት በኩል ከሜዳ ወጣ፣ የ65 አመቱ ሄይስ ቱግ ብሎ ልጁን በቡጢ አለው፣ ሊይዙት ከመጡት ከራሱ ተጫዋቾች ጋርም ግብግብ ገጠመ። በማግስቱ ተባረረ። እንግዲህ ልጆቹን ራሳችሁን ተቆጣጠሩ የሚለው እሱ ነበር።

ግን ነገሩ ጩኸት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ሌላው ታዋቂ አሰልጣኝ ቤር ብራያንትም ጨካኝ ነው፣ በ1954 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የሚባለውን ኮሌጅ ቡድን ሲይዝ ጀንክሽን የምትባል ከተማ ወስዶ በዛ ሙቀት ውሃ እየከለከለ አሰለጠናቸው፣ ብዙዎቹ ጥለው ጠፉ፣ ቡድኑም በዛ አመት ከ10 ጨዋታ 1 ብቻ አሸነፈ (ደጋፊዎቹ ግን እስከ ዛሬ እንደ ጀግንነት ያወሩታል)። ለኔ የብራያንት ትልቁ የዲሲፕሊን ስራ ሌላ ነው፦ በ1963 አላባማ ላይ ዋና ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው) ጆ ናማት ህግ ሲጥስ ሹገር ቦውል የሚባለውን የሲዝን መዝጊያ ጨምሮ ከመጨረሻዎቹ 2 ጨዋታዎች አገደው። ኮከቡ ከተቀጣ ተጠባባቂው ምን ሊል ይችላል? ናማትም በቀጣዩ ሲዝን ተመልሶ ተጫወተ።

በተቃራኒው የኔብራስካው ቶም ኦስቦርን ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ሲጮህ አይሰማም። በ1995 ግን ኳስ ይዞ የሚሮጠው ኮከብ ተጫዋቹ የቀድሞ ፍቅረኛውን ደብድቦ ታሰረ፣ ኦስቦርን አገደውና ሲዝኑ ሳያልቅ መለሰው፣ ልጁን የሚያስተካክለው ቡድን ውስጥ መሆኑ ነው ብሎ። ፍሎሪዳን 62 ለ 24 አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ፣ ትችቱ ግን አልቀረም፣ በኔ እምነት የሚገባው ትችት ነው። ተጫዋቾች የሚያዩት አሰልጣኙ ተቆጣ አልተቆጣ ሳይሆን ቁጣው ለሁሉም እኩል መሆኑን ነው።

ዛሬ ግን እንደ ድሮው መጮህ ያከስራል። በ2018 ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች የሚመዘገብበት የትራንስፈር ፖርታል ተጀመረ፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ልጁ አንድ አመት ቁጭ ሳይል ሌላ ኮሌጅ ሄዶ መጫወት ቻለ፣ የተሰደበ ሻንጣውን ይዞ ውልቅ ነው። በ2016 በወጣው ህግም አሰልጣኝ ራሱ በአንድ ጨዋታ ሁለቴ በስነምግባር ከተቀጣ ከጨዋታው ይወጣል።

ሌላው ደግሞ ዋናው አሰልጣኝ ጨዋ መስሎ ቁጣውን ለፊትነስ አሰልጣኙ ሊተውለት ይችላል፣ ከሲዝን ውጪ ከልጆቹ ጋር ብዙ የሚውለው እሱ ነውና። ሜሪላንድ ላይ በ2018 አንድ የ19 አመት ተጫዋች ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲሞት በማዋረድና በማስፈራራት ክስ መጀመሪያ የለቀቀው የፊትነስ አሰልጣኙ ነበር፣ ዋናው አሰልጣኝ የተባረረው ኦክቶበር 31 ላይ ነው፣ ያውም ታግዶ ቆይቶ ወደ ስራው በተመለሰ ማግስት።