ቨርቹዋል ማሽንና ቫይረስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ጽሑፍ አሳትሜ ተመልሼ ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ስሰካው፣ ፎልደሮቼ ሁሉ በቫይረስ ተደብቀው፣ በምትካቸው ሾርትከት (አቋራጭ ምልክት) ብቻ ጠበቀኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የማላምነውን ፍላሽና ፋይል የምከፍተው በቨርቹዋል ማሽን ነው፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በሚሠራው ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ጓደኞቼ የሚመልሱልኝ ነገር ግን ያሳስበኛል።

«እዚያ ውስጥ የገባ ቫይረስ አይወጣም።»

በራሱ አይወጣም ማለት ይቻል ይሆናል፤ በሩን የምንከፍትለት ግን እኛው ነን። ለፋይል ማመላለሻ ሼርድ ፎልደር (ዋናው ኮምፒውተርና ማሽኑ የሚጋሩት ፎልደር) ከከፈታችሁ፣ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ እሱንም አግኝቶ ይቆልፈዋል። ኔትወርኩን «ብሪጅድ» ካደረጋችሁት ደግሞ ማሽኑ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተዛመተው ማንም ምንም ሳይነካ፣ በኔትወርክ ብቻ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ ነበር። እኔ አጠራጣሪ ነገር ስከፍት ሼርድ ፎልደሩንም፣ ክሊፕቦርዱንም (የኮፒ-ፔስት መጋሪያውን)፣ ኔትወርኩንም አጠፋለሁ።

ፍላሽም እንዲሁ ነው። ስትሰኩት ቀድሞ የሚያየው ዋናው ዊንዶውስ ነው፤ ስለዚህ አውቶፕሌይን (ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተውን) አጥፉ፣ ቨርቹዋል ማሽን በሚፈጥረው ቨርቹዋልቦክስ በተባለው ሶፍትዌር ላይም ፍላሹ በቀጥታ ወደ ውስጥ እንዲያልፍ የዩኤስቢ ፊልተር አስተካክሉ። በማሽኑ ውስጥ ያለው ሲስተም ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ከሆነ የዊንዶውሱ ሾርትከት አይነሳም፤ የተደበቁት ፎልደሮችም አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይታያሉ። የኔን ጽሑፍ ያገኘሁት እንዲህ ነው።

በማሽኑና በዋናው ኮምፒውተር መካከል ያለው ግድግዳም ቢሆን ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው «ቬኖም» የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር የደህንነት ክፍተት የተገኘው ዛሬ ማንም በማይጠቀምበት የፍሎፒ ዲስክ ኮድ ውስጥ ነበር። ሶፍትዌሩን ሳታዘምኑ አትቆዩ።

«ዋናው ኮምፒውተር ቫይረስ ቢኖርበትም ባንኬን በቨርቹዋል ማሽን እከፍታለሁ።»

ይህ የተገላቢጦሽ ነው። የምትጫኑት ፊደል ወደ ውስጥ የሚደርሰው በዋናው ኮምፒውተር በኩል አልፎ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰላይ ፓስወርዱን ቀድሞ ያነበዋል።

«ላፕቶፔ አይችልም።»

ቨርቹዋልቦክስ በነፃ ይወርዳል። 8 ጊጋ ራም ካላችሁ ይበቃል፤ በ4 ጊጋም ቀላል ሊኑክስ ይሠራል። እምቢ ካለ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን እዩ።

«ስናፕሾት ስላለኝ ምንም ቢሆን ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ።»

ስናፕሾት የማሽኑን የአንድ ወቅት ሁኔታ ስለሚያስቀምጥ፣ ማሽኑ ይመለሳል። እዚያ ውስጥ የጻፋችሁት ፓስወርድ ግን ቀድሞ ተልኮ ሊሆን ይችላል፤ ስናፕሾቱን ከመመለሳችሁ በፊት በሌላ ንጹሕ ስልክ ቀይሩት።