በኦክስጅን እጥረት ጊዜ የፅንስ ሆርሞኖች፦ ከወሎ ደጋ ሲታይ

ፅንስ ጤነኛ ሆኖም ቢሆን የሚደርሰው ኦክስጅን ጥቂት ነው። በደም ቅዳው ያለው የኦክስጅን ግፊት ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል በምትኖር እናት ደም ግን ወደ 100 ይጠጋል። የፊዚዮሎጂ ሊቁ ጆሴፍ ባርክሮፍት የፅንስን ኑሮ ከኤቨረስት ጋር አነጻጽሮታል፤ ለወሎ ሰው ከ4,200 ሜትር በላይ የሚረዝመው አቡነ ዮሴፍ ይቀርበዋል። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል።

የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከበግ ነው። ሙከራው የተደረገው በፈረንጅ ዝርያዎች እንጂ ጸጉሩ ለበርኖስ በሚፈተለው በወሎ በግ አይደለም፤ ቢሆንም በግ ለሕክምና የዋለው ውለታ በበግ አገር ሊነገር ይገባል። የፅንሱ ኦክስጅን በድንገት ሲቀንስ በአንገቱ ደም ቅዳ ያሉት ጠቋሚዎች አንጎልን ያነቃሉ፤ የልቡ ምት ይዘገያል፣ የእጅና የእግር፣ የአንጀትም የደም ሥሮች ይጠብባሉ። ይህ የነርቭ ሥራ ነው። ሆርሞኖች ተከትለው ያጸኑታል፦ በኩላሊት አናት ላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ኖርአድሬናሊንና አድሬናሊን፣ በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ደግሞ የደም ሥር የሚያጠብበውን ቫሶፕሬሲን ያፈስሳሉ። ደሙ ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ወደ አድሬናል ዕጢው ራሱ ያደላል። ኢንሱሊን ይቀንሳል፣ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲዞል ይጨምራል። እጥረቱ ለሰዓታት ከቀጠለ ኤሪትሮፖይቲን ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ ያዝዛል፤ ለሳምንታት ከዘለቀ ግን የእድገት ሆርሞኖች አንሰው ፅንሱ ይቀጭጫል።

የኮርቲዞል ነገር ሰፊ ነው። የኒውዚላንዱ ሐኪም ግርሃም ሊጊንስ ምጥን የሚያስነሣው ምን እንደሆነ በበግ ሲያጠና፣ በማኅፀን ሳሉ ኮርቲዞል መሰል መድኃኒት ያገኙ ግልገሎች ያለጊዜያቸው ቢወለዱም ሳንባቸው ቀድሞ እንደሚበስል አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ከሮስ ሃዊ ጋር በእናቶች ላይ ያደረገውን ሙከራ ውጤት አሳተመ። ዛሬ ያለጊዜዋ ምጥ ለያዛት እናት የሚሰጠው የዴክሳሜታዞን መርፌ የዚያ ልጅ ነው።

በሰው ላይ ማስረጃው በአመዛኙ ከወሊድ በኋላ ከሚቀዳ የእትብት ደም ነው።

ደገኛነት ይጠቅማል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደም ኦክስጅን ከቆላው ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ አዋቂዎች ነው፤ የወሎ ደገኛም ከዚያ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

በደላንታ ደጋ አዋላጇ ሆርሞን አትለካም። ምጡ ፋታ ሲሰጥ የፅንስ ልብ የሚደመጥበትን ቀንድ መሰል ማዳመጫ አፍ በእናቲቱ ሆድ ላይ ደግና፣ ጆሮዋን አስደግፋ፣ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል አንድ ደቂቃ ሙሉ የፅንሱን የልብ ምት ትቆጥራለች፤ ከ110 በታች ከሆነ እናቲቱን በግራ ጎኗ አስተኝታ እንደገና ትቆጥራለች።