የኮምፒውተር በሽታ መከላከያ

አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሹን ሰክቶ ቫይረስ ይዞ ያልተመለሰ ተማሪ ጥቂት ነው። «ቫይረስ» የሚለው ቃል ከሕክምና የመጣ ነው። መከላከያውንም ከዚያው ለመዋስ የሞከሩ አሉ። ዘርፉ ሰው ሠራሽ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ይባላል።

የተለመደው አንቲቫይረስ የታወቁ ቫይረሶችን ምልክት መዝግቦ ይፈልጋል። ትናንት የተጻፈው ካልተመዘገበ ያልፈዋል። ሰውነታችን መንገዱ ሌላ ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው የታይመስ ዕጢ ውስጥ ቲ ሴሎች የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይፈተናሉ። የራሳችንን አካል አጥብቆ የሚይዝ ሴል እዚያው ይወገዳል። የተረፉት ባዕድ ሊፈልጉ ይወጣሉ። የሰፈር ዘበኛም እንዲሁ ነው፤ ሌባውን ባያውቀውም ነዋሪውን ለይቶ ያውቃል።

በ1994 እ.ኤ.አ. የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲዋ ስቴፋኒ ፎረስት፣ አለን ፐሬልሰንን ጨምሮ ከባልደረቦቿ ጋር ይህን ወደ ኮምፒውተር አመጣችው። መፈለጊያዎች በዘፈቀደ ይፈጠራሉ። ከኮምፒውተሩ ጤነኛ መረጃ ጋር የሚገጥመው ይጣላል፤ የቀረው ለጥበቃ ይሰማራል። በ1996 ደግሞ ፎረስት፣ ሆፍሜይር፣ ሶማያጂና ሎንግስታፍ ዩኒክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ልማድ አጠኑ። ለምሳሌ ኢሜይል አድራሹ ሴንድሜይል ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች (ሲስተም ኮል) አጫጭር ቅደም ተከተሎችን ይደጋግማሉ። ሰርጎ ገብ ሲጠቀምበት ያልታየ ቅደም ተከተል ብቅ ይላል። ለእኔ የዘርፉ ምርጥ ሥራ ይሄ ነው። ሶማያጂ በኋላ የሠራው ፒኤች የተባለ ሥርዓት እንግዳ ነገር የሚያሳየውን ፕሮግራም ወዲያው አይገድለውም፤ ያዘገየዋል።

በዚያው 1994 የአይቢኤሙ ጄፍሪ ኬፋርትም ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ፎረስትን ብቸኛ ጀማሪ ማለት ይከብዳል፤ ግንባር ቀደም ናት ቢባል ግን ብዙ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ የሐሰት ማንቂያ ነው። አዲስ ተከራይ ሲገባ ዘበኛው ይጮኻል፤ ፕሮግራም አፕዴት ሲደረግም ያው ነው። መረጃው ሲበዛ ደግሞ የሚያስፈልጉት መፈለጊያዎች ከቁጥር በላይ ይሆናሉ። የሰውነት በሽታ መከላከያ ተመራማሪዋ (ኢሚዩኖሎጂስቷ) ፖሊ ማትዚንገር ሰውነት የሚነሣው ለባዕድነት ሳይሆን ለአደጋ ምልክት ነው ብላ ነበር። ኢሚዩኖሎጂስቶች ገና ባይስማሙበትም በ2000ዎቹ የኮምፒውተር ሰዎች ተጠቅመውበታል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አራት ኪሎ ግቢ ባዮሎጂንም ኮምፒውተር ሳይንስንም አስተምሯል። የጥቁር አንበሳ ሐኪሞችም ብዙ አይርቁም። ወገንተኝነቴ ይታወቅብኝ እንጂ፣ ለመመረቂያ ጥናት ከዚህ የተመቸ ርዕስ አላይም። ናሙናውም ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ በነጻ ይገኛል።