ሴባስቲያን ትሩንና ተንቀሳቃሽ ሮቦቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ የምህንድስና ተማሪዎች ስለ ሮቦት ሲወያዩ የጀርመናዊው ተመራማሪ የሴባስቲያን ትሩን ስም መነሳቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ስሙ ሁልጊዜ ስታንሊ ከተባለ፣ ያለ ሾፌር ከሚሄድ አንድ መኪና ጋር ብቻ መያያዙ ዋናውን አስተዋጽኦውን ይሸፍነዋል።

«ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪናን የፈለሰፈው ትሩን ነው።»

አይደለም። ኤርንስት ዲክማንስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካሜራ የሚመራ መኪና ጀርመን ውስጥ በራሱ እንዲሄድ አድርጓል።

«ጥሩ ሴንሰርና ጂፒኤስ ያለው ሮቦት የት እንዳለ ያውቃል።»

ከሁሉም አስቀድሞ መታረም ያለበት ይህ ነው። ጂፒኤስ በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል፣ ሕንፃ ውስጥም እምብዛም አያገለግልም፤ ጎማ ይንሸራተታል፤ ርቀት የሚለካበት የሌዘር ጨረር መስታወትን አልፎ ይሄዳል፣ ፊት ለፊት የቆመ ሰውም ግድግዳውን ይጋርድበታል። ትሩን ከፍራንክ ዴላርት፣ ከዲተር ፎክስና ከቮልፍራም ቡርጋርድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረበው የሞንቴ ካርሎ ዘዴ ይህን ጥርጣሬ ራሱን በፕሮባብሊቲ ያሰላዋል። አንድ ሮቦት በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመሳሳይ በሮች በተደረደሩበት ኮሪደር ውስጥ ሥራ ጀመረ እንበል። ሮቦቱ በካርታው ላይ «እዚህ ልሆን እችላለሁ» የሚሉ ብዙ ግምቶችን ይበትናል፤ በር ሲያይ በበሮች አጠገብ ያሉት ግምቶች ክብደት ያገኛሉ፣ ጥቂት ተጉዞ ሁለተኛ በር ሲያይ ደግሞ የተጓዘው ርቀት ከካርታው ጋር የማይገጥምላቸው እየወደቁ ይሄዳሉ። በሮቹ እኩል ተራርቀው የተሠሩ ከሆነ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ደርሶ ለይቶ የሚያሳውቅ ምልክት እስኪያገኝ ድረስ በርካታ ግምቶችን ይዞ ይቆያል። ሚኔርቫ የተባለችው ሮቦትም እ.ኤ.አ. በ1998 በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ሙዚየም፣ በሰው ተከባ ጎብኚዎችን ያስጎበኘችው በፕሮባብሊቲ ላይ በተመሠረተ አሠራር ነው።

«ስታንሊ መንገዱ ተነግሮት ስለነበር ምንም አልተማረም።»

ግማሹ እውነት ነው፤ ስታንሊ የተሳተፈበት፣ ያለ ሾፌር የሚሄዱ መኪናዎች ውድድር አዘጋጆች የመስመሩን ነጥቦች ለሁሉም ተወዳዳሪዎች አስቀድመው ሰጥተዋል። ነገር ግን ውድድሩ በተካሄደበት በአሜሪካው ሞሃቬ በረሃ እንደ አዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተቀባ መስመር የለም፣ የመኪናው ሌዘርም አስተማማኝ በሆነ መልኩ የሚያየው 22 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ የስታንፎርዱ የትሩን ቡድን፣ ሌዘሩ ደልዳላ መሆኑን ያረጋገጠው መሬት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ካሜራው በጉዞ ላይ እያለ እንዲማርና ያንኑ ቀለም ከሩቅ እንዲፈልግ አደረገ። ሌዘሩ የሌለ እንቅፋት እንዳያይም፣ ሰው መኪናውን ነድቶ ካለፈበት መሬት ተምሯል። ስታንሊ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2005፣ 212 ኪሎ ሜትር ያህሉን ከ7 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሶ አሸነፈ፤ በቀደመው ዓመት ግን መንገዱን የጨረሰ አንድም መኪና አልነበረም።

«ሮቦት አዲስ ሥራ በተሰጠው ቁጥር ከዜሮ መማር አለበት።»

ትሩንና ቶም ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሮቦት ዕድሜውን ሙሉ እንዲማር፣ በአንዱ ሥራ ያገኘውንም ዕውቀት ወደሚቀጥለው እንዲያሸጋግር ሐሳብ አቅርበዋል።

«ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ ላላቸው ብቻ ነው።»

የሞንቴ ካርሎ ዘዴ በነፃ በሚገኘው ሮስ በተባለው የሮቦት ሶፍትዌር ውስጥ አለ። ሮቦት የሌለው ተማሪም በላፕቶፑ ላይ፣ በሲሙሌሽን፣ ግምቶቹ በካርታው ላይ ተበትነው ቀስ በቀስ ሲሰባሰቡ ማየት ይችላል።