የ1943ቷ ነጭ ሳንቲም ለምን ከጠርዟ ትዝጋለች?

«ይቺ የአሜሪካ ሳንቲም ነጭ ናት፤ ከብር የተሠራች ናት እንዴ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ መዳቡን ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለፈለገችው፣ የአንድ ሳንቲሟን ገንዘብ ከብረት ሠራች፤ ላዩንም በስሱ ዚንክ ለበጠችው። ማግኔት አስጠጉላት፣ ልጥፍ ትላለች። (አዲስ እያለች ከአስር ሳንቲሟ ጋር እየተምታታች ሰዉን ስታማርር ነበር።)

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ዝገቱ ላይ ነው። ዚንኩ የተለበጠው ብረቱ ገና ሳይቆረጥ፣ ሰፊ ሉህ እያለ ነበር። ክብ ክቡ ተቆርጦ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊትና ጀርባዋ ዚንክ ለብሶ፣ ዙሪያዋ የተቆረጠበት ቦታ ራቁቱን ቀረ። የቤት ቆርቆሮ ቆርጣችሁ ዝናብ ላይ ብትተዉት ቀድሞ የሚዝገው የተቆረጠው ጠርዝ አይደል? ያው ነው።

ፊቷ ቶሎ አይዝግም። ዚንኩ እርጥበት ሲያገኘው መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጠቁራል፤ ብረቱን ለማዳን ራሱ ቀድሞ ይበላል። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ግን ከፍ ከፍ ያለው ቦታ፣ ለምሳሌ ፊቷ ላይ ያለው የፕሬዚዳንት ሊንከን ምስል ጉንጭ፣ ይፋቃል። ብረቱ ሲገለጥ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ ይላል።

ይህ ለሁሉም ይሠራል። ፍጥነቱ ግን እንደ አያያዙ ነው፤ ላብ የነካው ኪስና ደረቅ መሳቢያ አንድ አይደሉም።

እንደ መስታወት የምታብለጨልጭ ካጋጠማችሁ ጠርዟን እዩ። ጠርዟም ዚንክ ከለበሰ፣ በኋላ እንደገና የተለበጠች ናት። ለጌጥ ታምራለች፤ ሰብሳቢ ግን ብዙ አይከፍልባትም።