«አልከስም» የተባለበት ፓተንት ምንድን ነው?

ፓተንት የመከልከል መብት ነው፤ ያለባለቤቱ ፈቃድ ፈጠራውን ሠርቶ መሸጥ አይቻልም። አንዳንድ ኩባንያ ግን መብቱን እንደያዘ «ብትጠቀሙበት አልከስም» ሲል በይፋ ቃል ይገባል። በአረንጓዴ ቴክኖሎጂ ዘርፍ ይህ ደጋግሞ ይታያል።

ጽድቅ ፍለጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጃፓኑን የኤር ኮንዲሽነር አምራች ዳይኪን እንይ። አር-32 የተባለው የኤር ኮንዲሽነር ጋዝ ምድርን የማሞቅ አቅሙ 675 ነው፤ ገበያውን ይዞ የቆየው አር-410ኤ ደግሞ 2,088 (ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1 ሲባል)። ሆኖም አር-32 በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ የደኅንነት ደረጃ፣ ለእሱ የሚሆን መሣሪያና የሠለጠነ ቴክኒሻን ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ለአንድ ፋብሪካ ሲል የሚያሰናዳ ገበያ የለም፤ ተፎካካሪም መግባት አለበት። ዳይኪን ፓተንቶቹን እ.ኤ.አ. በ2011 ለታዳጊ አገሮች፣ በ2015 ለመላው ዓለም በነፃ ከፈተ። ያኔ ውል መፈራረም ግድ ነበር፤ በ2019 በዘረዘራቸው ፓተንቶች ላይ ግን ውሉም ቀረ።

ቶዮታም በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪና ነክ የሆኑ 23,740 ፓተንቶችን እስከ 2030 መጨረሻ ያለ ክፍያ ፈቅዷል። ፈላጊው ግን አስቀድሞ መዋዋል አለበት፤ የቴክኒክ ድጋፍ ከፈለገም ይከፍላል።

ጥንቃቄ የሚሻው የቴስላ ቃል ነው። በ2014 «በቅን ልቦና የሚጠቀምን አልከስም» አለ። «ቅን ልቦና» ምን ማለት እንደሆነ ሲዘረዝር ግን ተጠቃሚው ቴስላን በማንኛውም የአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ ከሶ መገኘት የለበትም፤ ሌላውንም ቢሆን በኤሌክትሪክ መኪና ፓተንት መክሰስ የለበትም። ገንዘብ አይከፈልም እንጂ ዋጋ አለው። የራሱ ፈጠራ ላለው ትንሽ ኩባንያ ይህ ዋጋ ከባድ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ፓተንቱ ቢከፈትም የንግድ ምልክቱና የፋብሪካው ምስጢር አብረው አይከፈቱም። ሰነዱ ዕቃው ምን እንደሆነ ይነግራል፤ ብልሽቱን ቀንሶ በብዛት የማምረቱ ዕውቀት ግን ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ ይቀራል።

ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የመኪና ቻርጀር ለመገጣጠም ያሰበ ሰው የውጭውን ቃል ከመመርመሩ በፊት፣ ፓተንቱ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት እዚህ መመዝገቡን ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያጣራ። ካልተመዘገበ፣ እዚሁ ሠርቶ ለመሸጥ የማንም ቃል አያስፈልገውም። ወደተመዘገበበት አገር ሊልክ ካሰበ ግን ቃሉን ከነቅድመ ሁኔታው አንብቦ፣ ያነበበበትን ቀን ጽፎ አትሞ ያስቀምጥ።